ከፏፏቴው ፊት የጠፋው ሙሽራ

(በአንዲት ወንዝ ዳር ከተማ፣ ላቀው ፎቶ ቤት ውስጥ፤ ነገ የውባለምና የአንዳርጌ መልስ ነው፤ የሙሽሪት እናት ወይዘሮ አስካለ የሠርጉን ፎቶ ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ቆመዋል።)

አስካለ፦ ባሏን አምጣ!

ላቀው፦ እትዬ አስካለ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ። ይኸው ወንበር…

አስካለ፦ አልቀመጥም! ልጄን ከነባሏ ፏፏቴው ድረስ ወሰድካት፤ እሷን መለስክ፤ ባሏስ? ይኸው ውባለም ብቻዋን እንደ ሐውልት ተገትራለች። ይሄ አጠገቧ ያለው ምንድን ነው? ጭስ ነው? እንፋሎት ነው?

ላቀው፦ አንዳርጌ ነው።

አስካለ፦ ይሄ?

ላቀው፦ አዎ። ይቺ እዚህ ታች ያለችው ጫማው ናት። ጫማው እንኳ በደንብ ወጥቷል።

አስካለ፦ ለጫማ ነው እንዴ ልጄን የዳርኩት?

ላቀው፦ ኧረ አይደለም እትዬ።

አስካለ፦ ነገ መልስ ነው፣ ላቀው! ድንኳኑ ተጥሏል፣ ዶሮው ተገንጥሏል። ፎቷቸው ሰፍቶ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ይሰቀላል ብዬ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አውርቻለሁ። ይሄን ልስቀልላቸው? ሙሽራው የታለ ሲሉኝ ምን ልበል? ጫማው ያውና ልበል?

ላቀው፦ ውሃውን ግን አዩት?

አስካለ፦ የምኑን ውሃ?

ላቀው፦ ፏፏቴውን ነዋ! እንዴት ለስልሶ እንደሚወርድ አላዩም? ልክ እንደ ባዘቶ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ውሃ ያነሳ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አስካለ፦ እግዜር ይይልህ! እኔ ሰው ጠፋብኝ እላለሁ፣ አንተ ባዘቶ ትለኛለህ!

ላቀው፦ አይ፣ ነገሩን ላስረዳዎት። እኛ ስናነሳ የካሜራው ዓይን ብልጭ ብሎ ይከፈትና ይዘጋል፤ እንደ ጥቅሻ ነው። ውሃውን እንዲያ ካነሱት እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ደርቆ ይቀራል። ዓይኑን ከፍተው ካቆዩት ግን፣ ውሃው በራሱ ላይ እየፈሰሰ፣ እየፈሰሰ ይለሰልሳል። የሚሮጥ ነገር ይቀልጣል፤ የቆመ ነገር ይቀራል። ገደሉ ይቀራል፣ ድንጋዩ ይቀራል…

አስካለ፦ ልጄስ? ድንጋይ መሆኗ ነው?

ላቀው፦ እንዴት ያለች ድንጋይ! እስከ አስር እቆጥራለሁ አልኳት፤ አንዲት ሽፋሽፍት አላነቃነቀችም። አንዳርጌ ግን ተነቃነቀ። የተነቃነቀ ደግሞ ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

አስካለ፦ ይሄን ጉድ ማን አስተማረህ? አባትህ እንኳ እንዲህ አይነት ነገር አያውቁም ነበር።

ላቀው፦ ከስልክ ላይ ነው። አንድ ፈረንጅ ያስተምራል። ቋንቋውን ግማሽ ግማሹን ነው የሰማሁት። ባልሰማሁት ግማሽ ላይ ነው መሰለኝ፣ ሙሽራ አታቁሙ ያለው።

አስካለ፦ እና በልጄ ሠርግ ነው የምትለማመደው?

ላቀው፦ ኧረ ተለማምጄ ነበር! አይፍረዱብኝ። መጀመሪያ በጠራራ ፀሐይ ሄድኩ። ከፈትኩት፣ ቆጠርኩ፣ ዘጋሁት። ሳየው ነጭ! ውሃ የለ፣ ገደል የለ፤ ብርሃኑ ሁሉንም በልቶታል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርጄ ባዶ ወረቀት አንስቼ መጣሁ። ቀጥሎ ደመና ጠብቄ ሄድኩ። የካሜራው ማቆሚያ እግሩ ጭቃው ውስጥ ቀስ እያለ ሰመጠ፤ ፏፏቴው ወደ ጎን ሲፈስ ወጣ። ለባለቤቴ ባሳያት፣ ያን ቀን የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር እንዴ አለችኝ። እሺ ብዬ ማቆሚያው ሥር በዘንቢል ድንጋይ ሞልቼ አንጠለጠልኩ። አሁን ጸና። ደስ ብሎኝ ሳነሳ ሳነሳ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ባየው፣ ፍንጣቂው ሌንሱ ላይ አርፎ ኖሮ ፏፏቴው ብጉር በብጉር ሆኗል።

አስካለ፦ እሰይ! እንኳን!

ላቀው፦ ከዚያ ደግሞ፣ በቀን ብርሃን ዓይኑን ከፍተው ማቆየት ከፈለጉ ጥቁር መስታወት ፊቱ ላይ አድርጉ ይላል ሰውየው። እሱን በደንብ ሰምቼዋለሁ። እዚህ ከተማ ከየት ላምጣው? ሳስብ፣ ሳስብ፣ ምንተስኖት ትዝ አለኝ። ብየዳ ሲበይድ ፊቱ ላይ የሚያደርገው መስታወት አለ አይደል? እሱን ለምኜ ወሰድኩ።

አስካለ፦ እሱስ በምን በየደ?

ላቀው፦ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ። የአጥርዎን በር የሠራው እኮ ያን ሰሞን ነው።

አስካለ፦ አንተ! ለዚህ ነዋ አልዘጋ ያለኝ! ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አየው፤ ምንም አይታየኝም ሲለኝ እኮ ሐሰት መስሎኝ ነበር!

ላቀው፦ እና መስታወቱ ሠራ። ብርሃኑ ተመጠነ፣ ውሃው ለሰለሰ። አንድ ነገር ብቻ… መስታወቱ አረንጓዴ ነው።

አስካለ፦ አረንጓዴ ቢሆንስ?

ላቀው፦ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ሆነ። ውሃው አረንጓዴ፣ ቬሎው አረንጓዴ፣ የውባለም ፊት ያው ጎመን። ምን ላድርግ? በኮምፒዩተር ቀለሙን ጨርሶ አጠፋሁትና ጥቁርና ነጭ አደረግሁት።

አስካለ፦ ለዚህ ነው የሙት ዓመት ፎቶ የመሰለው! ወይ ጉዴ! በል አሁን አስተካክለው። ያ ኮምፒዩተርህ ሰው ይጨምራል ይቀንሳል ይባላል። ባሏን መልሰህ ጨምረው።

ላቀው፦ ሞክሬያለሁ።

አስካለ፦ እኮ አሳየኝ!

ላቀው፦ ባያዩት ይሻላል።

አስካለ፦ አሳየኝ አልኩህ!

ላቀው፦ እንግዲህ ይኸው። እንዳይስቁብኝ።

አስካለ፦ በስመ አብ! ይሄ ሰው ምን አጥፍቶ ነው?

ላቀው፦ ሌላ ጥርት ያለ ፎቶ አጣሁለት፤ ከመታወቂያው ላይ ቆርጬ ነው የለጠፍኩት። መታወቂያ ላይ ሁላችንም ትንሽ እንዲህ ነን።

አስካለ፦ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው እኮ ነው የሚመስለው! አንገቱስ? አንገቱ ምነው ወፈረ?

ላቀው፦ አንገት አልነበረውም። ካለፈው ዓመት ሙሽራ ተዋስኩለት።

አስካለ፦ ልጄን ለሁለት ወንድ ነው እንዴ የዳርካት?

ላቀው፦ እኔ እኮ ባያዩት ይሻላል ብያለሁ። ከፈለጉ ዛሬውኑ ድጋሚ ልውሰዳቸው…

አስካለ፦ በምን ልብስ? ቬሎው ለኪራይ ቤቱ ተመልሷል። ደግሞስ ገና ጫጉላ ላይ ያሉ ልጆች፣ ኑ ፎቶው ላይ ባልሽ የለም ብዬ ልጥራቸው? ለውባለምም አልነገርኳት። ማንም አላየውም። እኔው ነኝ አይቼ የተቃጠልኩት።

ላቀው፦ እትዬ፣ አንድ ፎቶ ነው እኮ። ሌላው ሁሉ ደህና ወጥቷል። የኬኩ አለ፣ የመኪናው አለ፤ ከነዚያ አንዱን እናስፋ።

አስካለ፦ አንድ ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን አስጮኸኝ። ና ወደዚህ። ይሄን እየው። ባሏንስ ተወው፤ ይሄ ትከሻዋ ላይ ያረፈው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ላቀው፦ የቱ?

አስካለ፦ ይሄ! እንደ ጥላ ያለው። ባል ጠፍቶ፣ በልጄ ትከሻ ላይ ጥላ ተጭኖ። እኔ ሴትዮዋ ይሄን አይቼ እንቅልፍ ይወስደኛል? ከመጀመሪያውም ልቤ አልወደደውም ነበር ይሄን ልጅ።

ላቀው፦ አንዳርጌን? ምን ይወጣለታል? ጨዋ ልጅ እኮ ነው።

አስካለ፦ ጨዋ ነው ወይስ ዱዳ ነው፣ በምን አውቃለሁ? እንዴት ነህ ስለው ደህና፤ ትበላለህ ስለው እሺ። በቃ! ሥራው ከብት ማከም ነው፤ ከብቱ አይናገር፣ እሱም አይናገር። እንዲህ ያለ ሰው ይዟት ጂንካ ሊሄድ ነው። ጂንካ! ብትታመም በስንት ቀን ነው የምደርስላት? ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ላቀው። ማን ይዟት እንደሚሄድ እንኳ አላውቀውም።

ላቀው፦ ይተዉ እንጂ እትዬ፣ አይዞዎት።

አስካለ፦ ነገ ደግሞ በመልሱ አማት ለሙሽራው ስም ታውጣለት ይሉና ያስነሱኛል። ያ ሁሉ ሰው አፌን ያያል። የሱ ሰዎች ከጂንካ ድረስ መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ምን ብዬ ልሰይመው? ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ አንድ ስም አልመጣልኝም። ይሄን ፎቶ ካየሁ ወዲህማ ጭራሽ። ወስኛለሁ፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ላቀው፦ ምን? በሰው ፊት?

አስካለ፦ በሰው ፊት።

ላቀው፦ ይሄማ ስድብ ነው! ልጃችንን ናቁት ብለው ምግቡን ሳይቀምሱ ነው ተነስተው የሚሄዱት!

አስካለ፦ ይሂዱ።

ላቀው፦ ውባለምስ?

አስካለ፦ እሷን ተዋት።

ላቀው፦ እንዴት ልተዋት፣ እትዬ? በማን በኩል ትቁም?

አስካለ፦ አንተ ፎቶ አንሳ! ሰው አጥፍተህ ደግሞ ትመክረኛለህ?

ላቀው፦ በኔ ጥፋት ትዳር ሲፈርስ ልይ? ከዚህ በኋላ ማን ሙሽራ ነው እዚህ ደጅ የሚረግጠው? ላቀው ፎቶ ቤት፣ ባል እናጠፋለን ብዬ ልለጥፍ?

አስካለ፦ አባትህ ቢኖሩ ያፍሩብህ ነበር። የኔን ሠርግ እሳቸው ናቸው ያነሱኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ።

ላቀው፦ አውቀዋለሁ እንጂ! አባቴ በዚያ ፎቶ ይኮሩ ነበር። ባለቤትዎ እንዴት ጥርት ብለው እንደወጡ! የከረባታቸው መስመር ሳይቀር ይቆጠራል።

አስካለ፦ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ውባለም ጥርስ ሳታበቅል ከቤቴም እንዲሁ ጥርት ብሎ ወጣ።

ላቀው፦ ይቅርታ እትዬ፣ ያን ለማንሳት ፈልጌ አይደለም።

አስካለ፦ ተወው። ያለፈ ነገር ነው። ይልቅ ይሄን ጥላ አጥፋልኝ፤ እሱን እንኳ አጥፋልኝ።

ላቀው፦ እሺ፣ እሱ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ላሳድገውና… እንዴ?

አስካለ፦ ምነው? ምን አየህ?

ላቀው፦ ይሄ ጥላ ጠርዝ አለው። ይዩት፣ ቀጥ ብሎ ይወርድና እዚህ ጋ ይታጠፋል። ኮሌታ ነው!

አስካለ፦ የምን ኮሌታ? ልጄ ቬሎ ነው የለበሰችው። ትከሻዋ ባዶ ነው፤ ይሸፈን ብዬ የተጣላኋት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ላቀው፦ ቆይ፣ ቆይ። ይቺን ደብዛዛ ነጭ ነጥብ አዩ? ጭሱ ውስጥ፣ በአንዳርጌ ደረት በኩል?

አስካለ፦ አየኋት። ምንድን ናት?

ላቀው፦ ኮቱ ላይ የሰካሁለት ነጭ ጽጌረዳ ናት። ከሚስቴ ጓሮ ሰርቄ የቆረጥኳት። አሁን ወደ ውባለም ይምጡ፤ እዚህ ትከሻዋ ላይ ያለችውስ?

አስካለ፦ እሷው ናት። አንድ አበባ እንዴት ሁለት ቦታ ይሆናል?

ላቀው፦ ኮቱ ሁለት ቦታ ስለነበረ ነዋ! መጀመሪያ እሱ ላይ፣ በኋላ እሷ ላይ። ዓይኑ እንደተከፈተ ነው ያወለቀው! እኔ ስቆጥር እሱ ኮቱን አውልቆ አልብሷታል!

አስካለ፦ አትቀባጥር።

ላቀው፦ በማርያም! አሁን ነው የገባኝ። ከፏፏቴው ስንወጣ ልጁ በሸሚዝ ነበር፤ ርሶ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ኮቱ እሷ ላይ ነበር። ካነሳኋቸው በኋላ የሰጣት መስሎኝ ነበር እኮ!

አስካለ፦ አንተ የት ነበርክ? ሲያወልቅ አታየውም?

ላቀው፦ ጃንጥላ ይዤ ካሜራውን ከፍንጣቂ እከልላለሁ። ዓይኔ ውሃው ላይ ነበር።

አስካለ፦ ሙሽራ አቁመህ ውሃ ታያለህ?

ላቀው፦ ውሃው በጣም ያምር ነበር፣ እትዬ።

አስካለ፦ ሚዜዎቹስ?

ላቀው፦ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጫማችን ብለው ላይ መኪናው ጋ ቀሩ። ማንም አላየም። ከታች እኛው ሦስታችን ነበርን፤ አንዱ ደግሞ ውሃ ያያል።

አስካለ፦ በረደኝ ብላው ይሆናል። እሷ ስትለምን ነው ያወለቀው።

ላቀው፦ በምን አፏ? አፍሽ ከተነቃነቀ ትጠፊያለሽ ብዬ አስፈራርቻት! እንዳልኩዎት፣ ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተነቃነቀም። ፍንጣቂው ባዶ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ዝም ብላ ቆመች፤ ለኔ ባዘቶ ስትል።

አስካለ፦ ታዲያ ሳትናገር በምን አወቀ?

ላቀው፦ እሱማ ከብት ነው የሚያክመው። ከብት አመመኝ ብሎ አይነግረውም። ሳይነግሩት ማወቅ እኮ ነው ሥራው።

አስካለ፦ እስቲ መልሰህ አሳየኝ።

ላቀው፦ ይኸው። ጫማውንም ይዩት። ለምን ጥርት ብሎ ወጣ? አካሉ ሲገላበጥ እግሩ ከአጠገቧ አልራቀም። እዚያው ቆሞ ነው ያለበሳት።

አስካለ፦ ለምን ታዲያ አልተናገረም? እንዲህ አድርጌ ነው አይልም?

ላቀው፦ አዬ እትዬ፣ እሱ ነው አሁን እኔን የሚገርመኝ። ካሜራው ላይ ጭስ ሆኖ ሳየው ጮህኩበት። አንተ ሰውዬ፣ ሙሽሪት እንደ ዓምድ ቆማ አንተ እስከ አስር መቆም አቃተህ ወይ፣ ጉንዳን ነው የነከሰህ አልኩት። ያን ያህል ቀን የለፋሁበትን ውሃ አበላሸብኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ድጋሚ እንዳላነሳ ደግሞ መሽቶብን ነበር።

አስካለ፦ እሱስ ምን አለህ?

ላቀው፦ ይቅርታ ጋሼ አለኝ።

አስካለ፦ ከዚያስ?

ላቀው፦ ከዚያማ ሌላ ምንም። ዘንቢሉን ከነድንጋዩ ተሸክሞልኝ ዳገቱን ወጣ።

አስካለ፦ ድንጋዩን?

ላቀው፦ ድንጋዩን። መድፋት ረስቼ ነበር፤ እሱም አልጠየቀኝ።

አስካለ፦ ወንበሩን አምጣልኝ።

ላቀው፦ ይኸውና፣ ይቀመጡ። ውሃ ልስጥዎት?

አስካለ፦ ውሃህ ይቅርብኝ። ወይ የኔ ነገር! ይሄን ልጅ ነው እንዴ እንዲህ ስራገም የከረምኩት? አየህ፣ በኔ ሠርግ ቀን ዝናብ ያዘን። አባትህ ደጅ ላይ ነበር ያቆሙን፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው ብለው። ቬሎዬ ርሶ ገላዬ ላይ ተጣበቀ፤ አገጬ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ ዞር ብሎ አላየኝም። ፎቶው ላይ አንዲት ፀጉሩ አልተነቃነቀችም። እንግዳ የመጣ ሁሉ፣ እንዴት ያለ ግርማ ነው እያለ ያደንቅልኛል። ያን ቀን ኮቱን አውልቆ ቢሆን ኖሮ እኔም ፎቶዬ ላይ ጭስ አቁሜ እኖር ነበር፤ ምን ነበረበት?

ላቀው፦ አያልቅሱ እንጂ እትዬ። እኔ ቂሉ ሰውዬ ፈረንጅ አምኜ…

አስካለ፦ ማን አለቀሰ? እንደው የኮምፒዩተርህ ብርሃን ነው።

ላቀው፦ እሺ፣ ብርሃኑ ነው። ለነገሩ አሁን ዘዴውን ደርሼበታለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹን በጥቅሻ ማንሳት፤ ከዚያ ገለል ይበሉና፣ ማቆሚያው ሳይነካ ውሃውን ለብቻው ረዘም አድርጎ ማንሳት፤ ከዚያ ሁለቱን ማጋጠም። ባዘቶውም ይገኛል፣ ባልየውም ይገኛል።

አስካለ፦ ያኔውኑ እንዲያ አታደርግም ነበር?

ላቀው፦ እሱም ባልሰማሁት ግማሽ ላይ ነበር።

አስካለ፦ እንኳን አልሰማህ።

ላቀው፦ ምን አሉኝ?

አስካለ፦ እንኳን አልሰማህ ነው ያልኩህ። በጥቅሻ ብታነሳው ኖሮ ያው እንደ ሁሉም ወንድ ተገትሮ ይወጣ ነበር። በል ያን ከመታወቂያ የመጣውን ጭንቅላት አጥፋልኝ። አንገቱንም ለባለቤቱ መልስ።

ላቀው፦ አጠፋሁት። ነገ የትኛው ይሰቀል ታዲያ? የኬኩን ላስፋው?

አስካለ፦ የምን ኬክ? ይሄን አስፋልኝ።

ላቀው፦ ይሄን? ከነጭሱ?

አስካለ፦ ከነጭሱ። የድንኳኑን ጀርባ ሙሉ አድርገው። አበባዋ በሁለቱም ቦታ ትታይ፤ ጫማውንም እንዳትቆርጥብኝ።

ላቀው፦ ሰው ይስቃል እኮ። በኔም ይስቃል፣ በእርስዎም ይስቃል።

አስካለ፦ በአንተማ ይሳቅ፣ ይገባሃል። ጠግቦ ይሳቅ። ሲጨርስ በጣቴ እያሳየሁ እነግረዋለሁ፤ ይቺ እሱ ላይ ሳለች፣ ይቺ እሷ ላይ ስትሆን እያልኩ።

ላቀው፦ የሱ ሰዎችስ? የልጃችን መልክ የታለ፣ ልጃችን የለም እኮ ቢሉዎትስ?

አስካለ፦ ስም አውጪ ብለው ሲያስነሱኝ ይሰማሉ። ያን ፎቶ ከኋላዬ አድርጌ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «አለልኝ» ብዬ ነው የምሰይመው።